ከጋፒ ቀጥሎ የትኛው? አምስት ያልተለመዱ የሚወልዱ ዓሦች በንጽጽር

አብዛኞቻችንን ዓሣ ማርባት ያስጀመረን ጋፒ ነው። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ይዘን ቤት እንገባለን፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ገንዳው በጫጩት ይሞላል። ከዚያ ወደ ሞሊ፣ ወደ ፕላቲ፣ ወደ ሶርድቴይል እንሄዳለን። ደስ ይላሉ። የሆነ ቀን ላይ ግን «እንቁላል ሳይጥል የሚወልድ፣ ሆኖም ሰው ሁሉ ቤት የማይገኝ ዓሣ የለም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ አይቀርም።

አለ። ብዙም ነው። አስቸጋሪው መምረጡ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደወለችልኝ። «እባክህ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) የማይፈልግ ዓሣ ንገረኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ውጭ በረዶ ቢጥልም አፓርታማው ይሞቃል፤ ሂተሩን ነቅዬ እንኳ ውኃው 25 ዲግሪ ነው። እሷ ቤት የሚመቸው ዓሣ እኔ ቤት ዓመቱን ሙሉ በሙቀት ይደክማል። እኔ ቤት የሚፈነጥዘው ደግሞ እሷ ጋ አንድ ሌሊት በብርድ ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ የትኛው ዓሣ እንደሚያምር ብዙም አላወራም። የማወራው የትኛው ዓሣ ለየትኛው ቤት እንደሚስማማ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

*ሙቀት።* ከሁሉ በፊት የቤታችሁን ሙቀት እወቁ። በግምት ሳይሆን በመለካት። አንድ ባልዲ ውኃ ገንዳው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጡና ቴርሞሜትር ጣሉበት። ለአንድ ሳምንት ጎህ ሲቀድና ከሰዓት በኋላ እያያችሁ ጻፉት። አዲስ አበባ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት የሚመጣው ቁጥር ያስደነግጣችኋል። ይህ ወረቀት ከማንኛውም ሻጭ ምክር ይበልጣል።

*ውኃ።* ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውኃችሁ ጠንካራ ነው፤ ማዕድን አለው ማለት ነው። ከአምስቱ አራቱ እንዲህ ያለውን ውኃ ይወዳሉ። ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ7 እስከ 8 ቢሆን ደስተኛ ናቸው። ሌላው ነገር የቧንቧ ውኃ ለማከም የሚጨመረውና ዓሣን የሚጎዳው ክሎሪን ነው። ተራ ክሎሪን ውኃው በባልዲ ካደረ ይተናል። ክሎራሚን ግን አይተንም። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውኃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው። እዚያ ያላችሁ «አሳድሬዋለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ማርከሻ ጠብታ ግዙ።

*የገንዳው ርዝመት።* ሊትር ብቻ አትቁጠሩ። ቁመቱ ረዥም፣ ወለሉ ጠባብ የሆነ ገንዳ ለእነዚህ ዓሦች አይመችም። የሚዋኙት ወደ ጎን ነው።

*ምግብ።* በየቀኑ ሳይሰለቻችሁ ልትሰጡት የምትችሉት ምንድን ነው? ፍሌክ (ሱቅ የሚሸጠው ደረቅ የዓሣ ምግብ) ብቻ? ቆስጣ ቀቅሎ መስጠት? ወይስ ቤት ውስጥ ዝንብ ማርባት? አዎ፣ አንደኛው ዓሣ ዝንብ ይፈልጋል።

*ጫጩቱ የት ይሄዳል?* ይህን ማንም አስቀድሞ አይጠይቅም። አራት ሴቶች በየወሩ ሃያ ሃያ ቢወልዱ በወር ሰማንያ ነው። ግማሹ ቢተርፍ እንኳ አርባ ዓሣ ማን ይቀበላችኋል? ተቀባይ ሳይኖር ብዙ የሚወልድ ዓሣ መግዛት መጨረሻው መጨናነቅና በሽታ ነው።

*ጠባይ።* ብርቅዬ ዓሣ የምታረቡ ከሆነ ለብቻው አኑሩት። ከሌላ ዓሣ ጋር ብትቀላቅሉት ወይ ይበላል ወይ ይበላዋል። የቅርብ ዘመዳሞች ከሆኑ ደግሞ ሊዳቀሉና ዘሩ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሄተራንድሪያ ፎርሞሳ፦ ለትንሽ ቦታና ለትዕግሥተኛ ሰው

ይህች ዓሣ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ናት፤ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ሉዊዚያና አካባቢ ሣር የበዛበት ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ ትኖራለች። ወንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሴቷ 3 ወይም ትንሽ አለፍ ትላለች። ከሚወልዱ ዓሦች ሁሉ በጣም ትንንሾቹ ከሚባሉት ናት። ቡናማ ገላ ላይ ከአፍ እስከ ጭራ የተሰመረ ጥቁር መስመር አላት። ከሩቅ ለሚያይ ምንም አታጓጓም፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ቀኑን ሙሉ የምትታይ ዓሣ ናት።

አወላለዷ ነው ልዩ የሚያደርጋት። ጋፒ በወር አንዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትወልዳለች። ሄተራንድሪያ ግን ሆዷ ውስጥ በአንድ ጊዜ ዕድሜያቸው የተለያየ ብዙ ፅንሶች ትይዛለች። የደረሰው ይወለዳል፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጫጩት ጠብ ትላለች። ጎርፍ የለም፤ ግን ሁሌም አዲስ ነገር አለ። ወላጆቹ በደንብ ከበሉ ጫጩቱን ብዙም አይነኩም። ጃቫ ሞስ የሚባለው የውኃ ተክል የሞላበት ገንዳ ውስጥ መውለጃ ሳጥን ምናምን አያስፈልግም።

20 ሊትር ገንዳ ለስምንት ወይም ለአሥር ዓሣ ይበቃል። ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይመቻታል፤ ሌሊት ከዚያ ዝቅ ቢልም ትችላለች። ለእህቴ መጀመሪያ የጠራሁላት ስም ይህ ነበር። የሚያስቸግረው አፏ ነው። ተራው ፍሌክ በጣት ካልተፈጨ አይገባላትም። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የውኃ እንስሳ) ብታገኙላት የበለጠ ትወልዳለች። ፊልተሩም የስፖንጅ ይሁን። በሞተር የሚስበው ዓይነት ጫጩቱን ይውጠዋል።

ሊሚያ ናይግሮፋሺያታ፦ ለጀማሪ የምትቀርበው

ስለዚህች አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ሞሊ አርብቶ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቃታልና። የትውልድ ቦታዋ ሄይቲ ነው፤ ሚራጎን የሚባለው ሐይቅ። ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ጎኗ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ወንዱ ዕድሜው ሲገፋ ጀርባው እያበጠ እንደ ሻኛ ይቆማል። አሮጌ ወንድ ከወጣቱ ጋር ጎን ለጎን ብታዩት አንድ ዝርያ ናቸው ብላችሁ አታምኑም።

ሙቀት ትወዳለች፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ። ጠንካራ ውኃ ይስማማታል፤ ፍሌክም አልጌም ትበላለች። በየወሩ ገደማ ትወልዳለች። የራሷን ጫጩት ግን ትበላለች፤ ስለዚህ ቅጠል ማብዛት ግድ ነው። 75 ሊትር ይበቃታል። ሂተር ያለው፣ ብዙ ሳይለፋ ከተለመደው ወጣ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው በእሷ ቢጀምር አይቆጭም።

አሜካ ስፕሌንደንስ፦ የኔ ምርጫ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አድልዎ አለብኝ፤ አልደብቅም።

አሜካ ጉዲድ ከሚባሉት ዓሦች ወገን ናት። ወገኑ የሜክሲኮ ደጋ ዓሣ ነው። አሜካ የምትገኘው ሃሊስኮ በሚባለው ግዛት፣ አሜካ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆን ይበልጥ የምትታወቀው ቴኡቺትላን በምትባል ከተማ ዙሪያ ባሉ ምንጮች ነው። ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1971 ነው። አንድ ጊዜ በተፈጥሮ ቦታዋ ጠፍታለች ተብሎ ነበር። ዛሬ እዚያ እንዳለች ይታወቃል፤ ግን ቦታዋ እጅግ ጠባብ ስለሆነ በከፍተኛ አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ውስጥ ነው የተመደበችው።

ሴቷ ቤት ውስጥ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ከዚያ የሚበልጡም አሉ። ወንዱ ትንሽ ያንሳል። የወንዱ ጎን እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ጭራው ጫፍ ላይ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ውጭ ደግሞ ቢጫ ጠርዝ አለው። ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ ጭራቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን ይንቀጠቀጣሉ። ጉዳት እምብዛም አይደርስም። ክንፈ ረዥም ጋፒ አብራችሁ ካስገባችሁ ግን ክንፉን ይነጩታል።

የመጀመሪያውን ወሊድ ያየሁት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። መብራቱን ላጠፋ ስል ሴቷ ጥግ ይዛ ቆማለች። ጫጩቱ በጭራው በኩል ወጣ። ደነገጥኩ፤ ከሆዱ ሥር ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለዋል። አንጀቱ የወጣ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ሳይ ክሩ የለም፤ ጫጩቱ ከሌሎቹ ጋር አልጌ እየነጨ ነው። በኋላ ገባኝ። እነዚያ ክሮች ትሮፎቴኒያ ይባላሉ። ፅንሱ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ምግብ የሚስበው በእነሱ ነው፤ እንደ እትብት ቁጠሩት። ጋፒ ሆድ ውስጥ ያለው ፅንስ የሚያድገው በዋናነት ከእንቁላሉ አስኳል ነው። የአሜካ ግን እናቱ እየመገበችው ነው የሚያድገው። ለዚህ ነው ሲወለድ ግዙፍ የሚሆነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተፈጨ ፍሌክ ይበላል።

እርግዝናው ሁለት ወር ያህል ይወስዳል። በአንድ ጊዜ የሚወለዱት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ሠላሳ ናቸው። ከጋፒ ጋር ሲተያይ ልከኛ ነው፤ ሰው ፈልጎ ማደል ይቻላል።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። በጋፒ ልምዴ፣ ከወለደች በኋላ ሴቷን ለብቻዋ ሌላ ገንዳ አስገባኋት። ጋፒ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታስቀምጥ ያለ ወንድ ደጋግማ ትወልዳለች። አሜካ እንዲህ አታደርግም። ለእያንዳንዱ እርግዝና እንደገና መገናኘት አለባቸው። አራት ወር ሙሉ «ምን ነክቷት ነው?» እያልኩ ጠበቅኩ። ምንም አልነካትም፤ ወንድ አልነበረም እንጂ። ይህ ነገር ሲገዛም ይጠቅማል፦ ጉዲድ ስትገዙ ሴት ብቻ ይዛችሁ «ሆዷ ውስጥ ዘር አለ» ብላችሁ አትመኩ።

ምግቧ ቀላል ነው። ከግማሽ በላይ ቅጠላ ቅጠል ይሁን። ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ልጣጩ የተነሣለት የተቀቀለ አተር ትወዳለች። አልጌ ደግሞ መስታወቱ ላይ ስትለቅም ውላ ታድራለች። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይመቻታል። ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅት ቢኖር ይጠቅማታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሞቃት ቶሎ ታረጃለች። መቼም ይህን ስትሰሙ አዲስ አበባ ትዝ ሳትላችሁ አትቀርም። እኔም ለእህቴ «ክፍልሽ ሌሊት ከ18 በታች ካልወረደ ይቺ ያላንዳች ሂተር ትኖርልሻለች» ያልኳት ለዚህ ነው።

የሚከብደው ቦታው ነው። ለስድስት ዓሣ 110 ሊትር ዝቅተኛው ነው። 200 ሊትር ቢሆን ደግሞ ጠባያቸው ራሱ ይለወጣል፤ መጋጨቱ ይቀንሳል።

ዞጎኔቲከስ ተኪላ፦ ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው

የአሜካ ጎረቤት ናት፤ ከቴኡቺትላን ምንጮች። ስሟ ከአካባቢው ካለው ተኪላ የተባለ እሳተ ገሞራ ተራራ የመጣ ነው። ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ወንዱ ጭራ ላይ ብርቱካናማ ጨረቃ አለ፤ ማታ ብርሃን ሲቀንስ ጨረቃዋ ብቻዋን የምትዋኝ ይመስላል።

የተመዘገበችው በ1998 ነው። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ በብክለትና ከሌላ ቦታ በገቡ ዓሦች ምክንያት ከወንዟ ጠፋች። ያዳኗት ቤታቸው ገንዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው በ1998 ከእንግሊዝ አምስት ጥንድ ዓሦች ሞሬሊያ ወዳለው የሚቾአካና ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። ዩኒቨርሲቲውና ቼስተር ዙ የተባለው የእንግሊዝ የእንስሳት ማቆያ ለዓመታት አረቧት። አርባ ወንድና አርባ ሴት ሰው ሠራሽ ኩሬ ውስጥ ተለቀቁ፤ በአራት ዓመት ውስጥ አሥር ሺህ ደረሱ። ከዚያ ከ1,500 በላይ የሚሆኑት ወደ ቴኡቺትላን ተመለሱ። ዜናው በ2021 ሲነገር እኔ ገንዳዬ ፊት ቁጭ ብዬ ነበር ያነበብኩት፤ እንባዬ መጣ። አምስት ጥንድ!

እርባታዋ ከአሜካ ጋር ይመሳሰላል። እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ወንድ ሁሌ አብሮ መኖር አለበት፤ ጫጩቱም ትልቅ ሆኖ ነው የሚወለደው። የሚለየው ወንዶቹ ይበልጥ ተናካሽ መሆናቸው ነው። ጉልበተኛው ሌላውን ሲያሳድድ ስለሚውል ድንጋይና ቅጠል አብዙላቸው፤ መደበቂያ ይኑር። ሥጋም ትንሽ ይጨመርላት፤ እንደ ዳፍኒያና አርቴሚያ ያሉ ደቃቅ የውኃ እንስሳት። 80 ሊትር ይበቃል።

ታዲያ ለምን ኃላፊነት አልኩ? ከእሷ ጋር አብሮ የሚመጣ ሥራ ስላለ ነው። ከማን እንደተገኘች መጻፍ፣ ከሌላ ጉዲድ ጋር አለማኖር፣ ጫጩቱን ለሚያረባው ሰው ብቻ መስጠት። ይህን ለዓመታት ለማድረግ ዝግጁ ካልሆናችሁ አሜካን ወይም ሄተራንድሪያን ያዙ፤ ምንም ነውር የለውም።

ዴርሞጌኒስ፦ ባለ ምንቃሩ

አምስተኛው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭን እንደ እርሳስ። የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው በጣም ይረዝማል፤ ምንቃር ያለው ይመስላል። ከውኃው ፊት ወርዶ አይዋኝም፤ እዚያው ላይ ላዩን ሆኖ የሚወድቅ ነፍሳት ይጠብቃል። ወንዶቹ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይታገላሉ። ታይላንድ ውስጥ ሰዎች ለማፋለም ያረቡት ነበር።

ቆንጆ ነው፤ ልዩ ነው። ግን ልባችሁ ስለወደደው ብቻ አትግዙት። ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ ይዘላል። እኔ ገንዳ ላይ ክዳን ነበረው፤ የፊልተሩ ገመድ የሚገባበት ሦስት ጣት የምታህል ክፍተት ብቻ ቀርታ ነበር። ጠዋት ምንጣፉ ላይ ደርቆ አገኘሁት። በዚያች ክፍተት ነው የወጣው። ክዳን ስል እንግዲህ ምንም ቀዳዳ የሌለው ማለቴ ነው።

ሁለተኛ ሲደነግጥ ሮጦ መስታወት ይመታል፤ ምንቃሩ ይሰበራል። በድንገት መብራት ማብራት ጠላቱ ነው። ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ተክል በጎኑና በኋላው ብታኖሩለት ይረጋጋል።

ሦስተኛ ምግቡ። ፍሌክ ሊለምድ ይችላል። በፍሌክ ብቻ የኖረች ሴት ግን ብዙ ጊዜ የሞተ ጫጩት ትወልዳለች። ጤናማ ልጅ ለማየት ክንፍ የሌለው የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት አለባችሁ፤ ወይም ንጹሕ ውኃ በባልዲ ውጭ አስቀምጦ የቢምቢ እጭ መልቀም። ይህን በየቀኑ የምታደርጉ ከሆነ ይሳካላችኋል። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ አሥርም ሃያም ትወልዳለች፤ ጫጩቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እናቱ ግን ካገኘችው ትውጠዋለችና ቶሎ ለዩት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ፤ በውኃው ጥንካሬ ብዙም አይጨነቅም።

ያላካተትኳቸው ሁለት

አናብሌፕስን ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ፤ «ባለ አራት ዓይኑ» የሚባለውን። እያንዳንዱ ዓይኑ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከውኃ በላይ፣ ግማሹ ከውኃ በታች ያያል። ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ጨው የተቀላቀለበት ውኃና ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ቤሎኔሶክስ ደግሞ ከነጥርሱ አዳኝ ነው፤ ሴቷ ከ15 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች፤ የምትበላውም ሌላ ዓሣ ነው። ለሁለቱም የሚሆን ቤት ያለው ሰው ይህን መመሪያ አያስፈልገውም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ዓሣው | ርዝመት | ዝቅተኛ ገንዳ | ሙቀት | አወላለድ | ምግብ | ለማን ይከብዳል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሄተራንድሪያ | 2–3.5 ሳ.ሜ. | 20 ሊትር | 20–26 | በየጥቂት ቀኑ 1–3 | የደቀቀ ፍሌክ፣ አርቴሚያ | ከሌላ ዓሣ ጋር መቀላቀል ለሚፈልግ |
| ሊሚያ | 5–6 ሳ.ሜ. | 75 ሊትር | 24–28 | በየወሩ ገደማ፣ ብዙ | ፍሌክ፣ አልጌ | ጫጩት የሚቀበለው ለሌለ |
| አሜካ | 8–9 ሳ.ሜ. | 110 ሊትር | 20–25 | በየሁለት ወሩ፣ 6–30 | ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ፍሌክ | ቦታ ለሌለው |
| ተኪላ | 5–6 ሳ.ሜ. | 80 ሊትር | 20–25 | በየሁለት ወሩ ገደማ | ቅጠልና ሥጋ ድብልቅ | ቶሎ ለሚሰለች |
| ዴርሞጌኒስ | 5–7 ሳ.ሜ. | 75 ሊትር፣ ሙሉ ክዳን | 24–28 | ከ1–2 ወር፣ 10–20 | ዝንብ፣ የቢምቢ እጭ | ሥራ ለሚበዛበት |

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ብር ከጠበበባችሁና ያላችሁ አንድ መደርደሪያ ከሆነ ሄተራንድሪያን ያዙ። ገንዳ፣ ስፖንጅ ፊልተር፣ አንድ እፍኝ ሞስ፤ አለቀ። ሂተርም የማያስፈልግበት ቤት ብዙ ነው።

ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ፣ ለምሳሌ ገልፍ አገሮች ካላችሁ፣ ሊሚያ ይሻላችኋል። እዚያ ችግሩ ሙቀት ማምጣት ሳይሆን ማብረድ ነው፤ ኤሲ የጠፋበት ቀን ውኃው ከ30 ሊያልፍ ይችላል። አሜካንና ተኪላን እዚያ አልመክርም።

ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ሆናችሁ መብራት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አሜካ ናት፤ ቦታ ካለ። መብራት ሲጠፋ ትልቅ ገንዳ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ይህም ይጠቅማችኋል። የአየር ፓምፑ ግን ይቆማልና ገንዳውን አታጨናንቁት፤ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ቢኖር መልካም ነው።

ልጆች ያሉበት ቤት? አሜካ። ጫጩቱ ትልቅ ስለሆነ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዩታል፤ ቆስጣውንም ራሳቸው ይሰጣሉ። ልጆች መስታወት የሚደበድቡበት ቤት ዴርሞጌኒስ አይግባ።

ዓመታት አርብታችሁ አሁን አንድ ትርጉም ያለው ነገር መያዝ ከፈለጋችሁ ተኪላ።

ስትገዙ

ከዓሣው በፊት ገንዳውን አዘጋጁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ፊልተሩ ጠቃሚ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ይሥራ፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆናቸውን በመመርመሪያ አረጋግጡ። ብርቅ ዓሣ በጥሬ ገንዳ ውስጥ መክተት ዘር ማጥፋት ነው።

ጥንድ አትግዙ። ስድስት ወይም ስምንት ወጣቶች ግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ «ወንድና ሴት» ተብዬ ሦስት አሜካ ገዛሁ፤ ሲያድጉ ሦስቱም ወንድ ሆኑ። መለያው እዚህ አለ፦ የጉዲድ ወንድ ከሆዱ በታች ያለው የኋለኛው ክንፉ ፊት ለፊቱ ላይ እንደ ተቆረጠ ጠርዝ አለው። የሴቷ ግን ሙሉ ክብ ነው። የጋፒ ወገን ወንዶች ላይ ደግሞ ያ ክንፍ ሹል ቱቦ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ እንዲህ ያሉትን ዓሦች ከሱቅ ይልቅ ከአርቢዎች ማኅበር ታገኛላችሁ፤ አሜሪካን ላይቭቤረር አሶሲዬሽን አለ፤ ለጉዲዶች ብቻ የቆመ ጉዲድ ዎርኪንግ ግሩፕም አለ። ኢትዮጵያ ላላችሁ፣ ገንዳ ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣው በእርግጥ የሚገኝ መሆኑን አረጋግጡ። ከውጭ የምትመጡ ወገኖች ደግሞ አደራ፦ የቁም ዓሣ በሻንጣ ደብቆ መግባት አይሆንም። ፈቃዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የበዛባችሁን ጫጩት ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። አንድም ቢሆን። ተኪላን ከወንዟ ያጠፋት አንዱ ነገር ከሌላ ቦታ የገባ ዓሣ መሆኑን አይተናል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ሰው ካልተቀበላችሁ ወንዱንና ሴቱን ለዩና ለጊዜው እርባታውን አቁሙ፤ ጉዲዶች ዘር ስለማያስቀምጡ ከለያችኋቸው በሆዳቸው ያለውን ወልደው ያቆማሉ። ሄተራንድሪያና ሊሚያ ግን ከተለዩም በኋላ ለወራት ሊወልዱ ይችላሉ፤ እነሱን የያዛችሁ ተቀባዩን ቀደም ብላችሁ ፈልጉ።